ዋንዛችን ቅርፊት ላይ እንደ በግ መንጋ የሚነዱት ምንድን ናቸው?

የቁስቋሟ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ቁስቋም አካባቢ ከአያቴ ጋር ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ እምዬ እንደምትለው እሷ ሙሽራ ሁና ስትገባም እዚያው ቆሞ ነበር። ክረምቱ ወጣ ሲባል፣ መስቀል ሰሞን፣ ግንዱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ቅርፊቱ ራሱ የተንቀሳቀሰ ነው የመሰለኝ። ጠጋ ስል ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ሠላሳ አርባ ይሆናሉ፣ ተጠጋግተው አንድ ላይ ይሄዳሉ። ጣቴን ሳስጠጋ ብትን ይላሉ። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ተሰብስበው አገኛቸዋለሁ።

መልካቸው ቡኒ ነው፣ ሆዳቸው ላይ ነጣ ያለ መስመር አላቸው። አንዱ የጤፍ ፍሬ ሦስት እጥፍ ቢያክል ነው። ክንፍ የላቸውም። ቀንዳቸው ግን (አንቴናቸው ማለቴ ነው) ከሰውነታቸው አይተናነስም። ጭንቅላታቸው ትልቅ ሁኖ ግንባራቸው ያበጠ ይመስላል።

ስልኬ ላይ ባለው ነፍሳት መለያ አፕ ሦስት ጊዜ አነሳኋቸው። አንዴ ምስጥ አለኝ፣ አንዴ ክሽክሽ፣ በሦስተኛው ደግሞ «ፕሶሲዴ» የሚል ሰምቼው የማላውቅ ስም ሰጠኝ። እምዬ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ «የዛፍ ቅማል ነው» ብላ ወደ ቤት ገባች። ጎረቤታችን ለእህል ከገዛሁት የተረፈ መድኃኒት አለኝ፣ ልርጭላችሁ እያለ ነው። እኔ ጠይቄ እስካውቅ ጠብቁኝ ብያለሁ።

እና ምንድን ናቸው? ዛፉንስ ይጎዱታል? እምዬ ቡናዋን የምታፈላው እሱ ሥር ነው፣ ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት።

አዘዞ ማዶ

ምስጥ ነው፣ ምንም አትጠራጠሪ። የአጎቴን ቤት ማገር እንዲሁ ነው የጨረሰው። ሥሩን ቆፍራችሁ ናፍጣ አፍስሱበት። ዛሬ ነገ ስትሉ ዛፉ ቤታችሁ ላይ ነው የሚወድቀው።

ባለ አጉሊው

ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ናፍጣውን አስቀምጠው። ዛፉን የሚገድለው እሱ ነው።

እህቴ፣ የሰጠሽው መግለጫ በጣም ጥሩ ነው። ምስጥ አይደለም። ምስጥ እንዲህ በቀን ብርሃን ግንድ ላይ ወጥቶ አይንሸራሸርም፣ ሲወጣ የጭቃ መሿለኪያ ሠርቶ በውስጡ ነው የሚሄደው። አንቴናው አጭር ነው፣ እንደ ጨሌ ዶቃ የተደረደረ። አንቺ ያየሽው እንደ ፀጉር የቀጠነና የረዘመ ነው። ክሽክሽም አይደለም። ክሽክሽ አፉ መርፌ ነው፣ ለጋ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ተሰክቶ ፈሳሽ ይመጣል እንጂ ያረጀ ግንድ ላይ መንጋ ሠርቶ ሲሮጥ አታዪውም። ቅርፊቱ ላይ ቀዳዳ አለ? እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገርስ? ከሌለ እንጨት የሚበሳ ጥንዚዛም አይደለም ማለት ነው።

እኔ የምገምተው የቅርፊት ቅማል የሚባሉትን ነው። እምዬ ልክ ናቸው ማለት ነው፣ በስሙ እንኳ። ስሙ ቅማል ይሁን እንጂ ሰውም ከብትም አይነኩም፣ ደም አይመጡም። ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን ሻጋታ፣ አረንጓዴውን አልጌ፣ ያን ግራጫ ላይከን ነው የሚፍቁት። አፋቸው ውስጥ እንደ መሮ ያለች ቀጭን ዘንግ አለች፤ እሷን ቅርፊቱ ላይ ተክለው ይደገፉና በመንጋጋቸው ይፍቃሉ። ግንባር የመሰለሽ እብጠትም ግንባር አይደለም፣ ከአፉ በላይ ያለ ክፍል ነው፤ ውስጡ በጡንቻ የተሞላ ነው። ይቺን እብጠት፣ ቀጭን አንገትና ረጅም አንቴና አንድ ላይ ካየሽ ከሌላ ነገር ጋር አታምታቻቸውም።

ክረምት ሲወጣ መብዛታቸውም ያስኬዳል። ቅርፊቱ ረጥቦ ከርሟል፣ ሻጋታው በዝቷል፣ ማዕዱ ተዘርግቷል። ዛፉን አይበሉትም፤ ዛፉ ላይ የተለጠፈውን ነው የሚበሉት። ቅርፊቱን ያጸዱታል ብትዪም አልከራከርሽም።

ስማቸውን በትክክል ለማወቅ ግን ፎቶ አይበቃም፣ መቁጠር ያስፈልጋል። እስካሁን የሚታወቁት ዝርያዎች ከ5,000 በላይ ናቸው፣ ወደ 40 በሚጠጉ ቤተሰቦች የተከፈሉ። መጽሐፍ ላይ ቤተሰብን «አስተኔ» ሲሉት ታያላችሁ፣ እኔ ቤተሰብ ይቅለለኝ። ከዚያ በላይ ሦስት ትልልቅ ጎራዎች አሉ፣ የሚለዩትም በአንቴና አንጓ ነው። አንቴናው ከ20 በላይ አንጓ ካለው ትሮጂዮሞርፋ ነው። ከ11 እስከ 17 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትሮክቶሞርፋ። 13 ከሆነና ክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ወፈር ያለች ጠቆር ያለች ነጥብ ካለችው ፕሶኮሞርፋ። ዛፍ ላይ የምናገኛቸው ትልልቆቹ በብዛት ከሦስተኛው ናቸው።

ልብ በይ፣ አንቴና ቶሎ ይሰበራል። ግማሹ የተቆረጠበትን ቆጥረሽ 9 ነው እንዳትዪኝ። ሁለቱም ሙሉ የሆነውን ፈልጊ። ከአንቴናው ቀጥሎ የእግሩን ጫፍ እዪ። መሬት የሚነካው ክፍል ስንት አንጓ ነው፣ 2 ወይስ 3?

የቁስቋሟ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እምዬ «ልክ ናቸው» መባሏን ስነግራት «ድሮስ» ነው ያለችው፣ ዛሬ ቡናውም ወፍሯል።

ቀዳዳ የለም፣ ዱቄትም የለም። በደንብ አየሁ።

ግን እንዴት ነው የምይዛቸው? በጣቴ ስሞክር ወይ ያመልጣሉ ወይ ይደቃሉ።

ባለ አጉሊው

ጃንጥላ አለሽ? ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ውስጡን ነጭ ጨርቅ አልብሺው። ቅርንጫፍ ሥር ገልብጠሽ ያዢና ቅርንጫፉን በዱላ ጠፍ ጠፍ አድርጊ። የሚረግፈው ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ነው። ግንዱ ላይ ላሉት ደግሞ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አልኮል ውስጥ ነከር አድርገሽ ብትነኪያቸው ይጣበቁበታል።

ማስቀመጫው የፋርማሲ አልኮል ነው፣ ባለ 70ው። አረቄ አይሆንም፣ ዳግምም ቢሆን ጉልበቱ አይደርስም። ከዚህ በፊት አንድ ሰው በአረቄ አስቀምጦ በሳምንቱ ሾርባ ሆኖበታል (ሰውየው እኔ ነኝ)።

ብልቃጡ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ስም በእርሳስ ጽፈሽ ወረቀቱን ውስጡ ክተቺ። እስክሪብቶ አልኮሉ ያጥበዋል።

የቁስቋሟ

በስንት መከራ ቆጠርኩ። ጓደኛዬ የባዮሎጂ መምህርት ናት፣ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ማይክሮስኮፕ አስነካችኝ። ስድስት ነፍሳት አየን። አንቴናው 13 አንጓ ነው፣ ሁለቴ ቆጠርነው። የእግሩ ጫፍ 2 አንጓ ነው፣ በስድስቱም ላይ። ክንፍ የለም፣ ትከሻቸው ላይ ግን ትንንሽ ጉብታ ነገር አለ።

ስለዚህ አፑ ሦስተኛ ላይ ያለው ልክ ነው? ፕሶሲዴ?

ባለ አጉሊው

ጎበዝ! 13 እና 2 ከሆነ፣ ትልቅም ከሆነ፣ መንጋም ከሠራ፣ ፕሶሲዴ ነው በቃ። ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው ትልቁ ቤተሰብ እሱ ነው። ጨርሰሻል።

ክንፍ ቆጣሪ

አልጨረሰችም። ይቅርታ ባለ አጉሊው፣ ብዙውን በደንብ አስረድተሃታል፣ መጨረሻ ላይ ግን ቸኮልክ።

ትከሻቸው ላይ ያሉት ጉብታዎች የክንፍ እንቡጦች ናቸው። ያየቻቸው ሁሉ ጫጩቶች ናቸው ማለት ነው። ጫጩት ላይ የእግር አንጓ አይቆጠርም! ሲያድግ 3 የሚኖረውም ጫጩት ሳለ 2 ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው የሚመጣው የመጨረሻውን ቆዳ ጥሎ ሲያድግ ነው። ስለዚህ ይቺ «2» ምንም አትነግረንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው፣ እኔም የመጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ሣጥን ስም ለጥፌ በኋላ ስላጥ ከርሜአለሁ።

እህቴ፣ ያደጉትን ጠብቂ። እነዚህ ቆዳ እየጣሉ በአብዛኛው ስድስት ደረጃ አልፈው ነው ክንፍ የሚያወጡት። መንጋው እዚያው ግንድ ላይ ስለሚቆይ ሲያድጉ ታገኛቸዋለሽ። ክንፋቸውን እንደ ጎጆ ክዳን ጀርባቸው ላይ አዘቅዝቀው ነው የሚይዙት፣ ምስጥ ግን ጀርባው ላይ አንጥፎ ነው። በዚህም ይለያሉ።

ያደገ ስታገኚ ሦስት ነገር እዪልኝ።

አንደኛ የእግር ጫፍ፣ እንደገና። 3 ከሆነ ማዮፕሶሲዴን አስቢ። ያ ቤተሰብ ክንፉ በጥቃቅን ቡኒ ነጠብጣብ የተሞላ ነው፣ ላይከን ላይ ሲያርፍ ጨርሶ አይታይም። ግን ከፕሶሲዴም ክንፉ የተዥጎረጎረ ሞልቷል፤ መልክ ላይ እንዳትፈርጂ።

ሁለተኛው ክንፉ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። የፊት ክንፉን ዘርጊው። ከታችኛው ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብ፣ አንድ ሥር (ክንፉ ላይ እንደ ደም ሥር የሚታየው መስመር ማለቴ ነው) ጉብ ብሎ ተነሥቶ እንደ ድልድይ ቅስት ይሠራና ተመልሶ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ትንሽ ክፍል ትቀራለች። የፋሲልን ግንብ በር አስቢ፣ እንደዚያ ያለ ቅስት ነው። ጥያቄው የቅስቱ አናት ከላይ ካለው ኤም ከሚባለው ሥር ጋር ተያይዟል ወይስ ብቻውን ቆሟል የሚለው ነው። ተያይዞ ከሆነ ወደ ፕሶሲዴ እና ማዮፕሶሲዴ ነው። ብቻውን ከቆመና የክንፉ ሥሮች ፀጉር ካላቸው ሲሲሊዩሲዴ የሚባሉት ቅጠል ላይ የሚኖሩት ናቸው። ቅስቱ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ፔሪፕሶሲዴ ወይም ኤክቶፕሶሲዴ። ኤክቶፕሶሲዴዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ደርቆ የተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ነው የሚገኙት፤ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ብታራግፉ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ያ ኤም የሚባለው ሥር ወደ ጫፉ ሲደርስ ለስንት ይከፈላል? 3 ከሆነ ጥሩ ነው። 2 ከሆነ ሄሚፕሶሲዴ የሚባል ትንሽ ቤተሰብ አለ፣ ከፕሶሲዴ ጋር የሚያምታታ።

ባለ አጉሊው

ተቀብያለሁ። የጫጩቱን ነገር አውቀው ነበር፣ ግን «2» የሚለውን ሳይ ልቤ ቀድሞኝ ሄደ። ትልቅ ናቸው ስላለችን ያደጉ መሰሉኝ። «ክንፍ የላቸውም» ብላ ከመጀመሪያው መስመር ነግራናለች እኮ፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

የብራና ጠባቂ

ይቅርታ ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ደብር ውስጥ የመጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ያረጁ የብራና መጻሕፍት አሉን፣ የወረቀትም አሉ። ማኅደሩን ስከፍት ገጹ ላይ እንደ ነጥብ ያለች ፈዛዛ ነገር ስትሮጥ አያለሁ። ክንፍ የላትም። ሳያት «ብል ነች» ስል ኖሬአለሁ። እናንተ የምትሉት ነገር ከዚህ ጋር ዘመድ ይሆን? መጻሕፍቱንስ ትበላለች?

ክንፍ ቆጣሪ

አባቴ፣ ዘመድ ነች፤ ያውም ከዛፉ ይልቅ የእርስዎ ነች ወሬ ያላት።

ብል አይደለችም። ብል የቢራቢሮ ወገን ትል ነው፣ ቆዳና ሱፍ ይበሳል። እርስዎ ያዩዋት የመጽሐፍ ቅማል ሳትሆን አትቀርም። ቤተሰቧ ሊፖሴሊዲዴ ይባላል። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነች፣ ጠፍጣፋ ነች፣ የኋላ እግሯ ታፋ ወፍራም ነው። በአጉሊ መነጽር ታፋዋን ካዩ ይለይልዎታል። አንቴናዋ 15 አንጓ ነው፣ ስለዚህ ከሦስቱ ጎራ ትሮክቶሞርፋ ውስጥ ነች። ቤት ውስጥ በብዛት የምትገኘው ዝርያ ያለ ወንድ የምትራባ ነች፤ እናት ብቻዋን እንቁላል ትጥላለች፣ የሚፈለፈሉትም ሴቶች ናቸው። አንዲት ከገባች በቃ ማለት ነው።

ብራናውን አትበሳውም። ብራናው ላይ የወጣውን ሻጋታ ነው የምትልሰው፣ ወረቀት ከሆነ ደግሞ የጥራዙን የስታርች ሙጫ። እሷን ካዩ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ዋናው ጠላት እሱ ነው።

የሚገርመው እነዚህ ውኃ አይጠጡም ማለት ይቻላል። ከአየር ላይ ነው የሚወስዱት። አፋቸው ውስጥ ያለች ክፍል የአየሩን እርጥበት ትስብና ወደ ሆድ ታወርዳለች። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ግን መሳብ ያቅታቸውና ደርቀው ያልቃሉ። ስለዚህ መድኃኒት አይርጩ። ማኅደሩን እርጥብ ግድግዳ ላይ አያስደግፉ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ይስቀሉት። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን ከፍተው አየር ያስገቡ። ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለው እንዳያስቀምጡ፣ ያ ለእሷ ግብዣ ነው። ፀሐይ ላይም አያስጡ፣ ብራና ይኮማተራል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ በቂ ነው።

የብራና ጠባቂ

እግዜር ያክብርልኝ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ እንዳይነካቸው ብዬ ሁሉንም ላስቲክ አልብሻቸው ነበር። ብቅ ያለችውም ያን ጊዜ ነው። ነገ አወጣቸዋለሁ።

አዘዞ ማዶ

እሺ ምስጥ አይደለም፣ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፣ ደም የማይመጥ ነገር ለምን ቅማል ይባላል? ምን አገናኘው?

ባለ አጉሊው

እዚህ ላይ ክሼሃለሁ ወንድሜ፣ አንተን የሚያጽናና ወሬ አለኝ። ሊኒየስ፣ የሕያዋንን ሁሉ ስም የደረደረው ስዊድናዊ፣ በፈረንጆቹ 1758 ቤት ውስጥ ከምትኖረው የዚህ ዘር አንዷን ምን ብሎ ሰየማት? «ተርመስ»። ምስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከጥሩ ሰው ጋር ነው የተሳሳትከው። እሷ ዛሬ ትሮጂየም ትባላለች፣ ሆዷን ወረቀት ላይ እየመታች ድምፅ የምታሰማ ነች።

ቅማል የመባሉ ነገር ደግሞ ረጅም ታሪክ ነው። ለብዙ ዘመን እነዚህ ነጻ ኗሪዎቹ በአንድ ክፍለ መደብ፣ እውነተኞቹ ቅማሎች፣ የራስ ቅማል የዶሮ ቅማል የሚባሉት፣ በሌላ ክፍለ መደብ ነበር የሚቀመጡት። «ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ጎረቤት ቤት ነው የሚኖሩት» ዓይነት። ጀርመናዊው ሄኒግ በ1953 ሁለቱን በአንድ ፕሶኮዲያ በሚል ስም ሰበሰባቸው። በኋላ የአካላቸው ቅርጽም ዘረመላቸውም ሲታይ ነገሩ ከዚያም አለፈ። የአባታችን የብራና ጠባቂ ያቺ ነጥብ፣ ሊፖሴሊስ፣ ከዋንዛው መንጋ ይልቅ ለራስ ቅማል ትቀርባለች። ሁለቱም ትሮክቶሞርፋ ውስጥ ናቸው።

የዚህ ትርጉሙ ይገባሃል? ቅማሎቹን ለብቻ አውጥተህ የቀሩትን «የቅርፊት ቅማል» ብለህ አንድ ሳጥን ብትከት፣ ወንድምን ከወንድሙ ነጥለህ አጎት ጋር እንዳስተኛኸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም አንድ ክፍለ መደብ ናቸው። የድሮው ስም፣ ፕሶኮፕቴራ የሚለው፣ አሁንም በሰው አፍ አለ፣ መጽሐፍም ላይ ታገኘዋለህ፣ ግን እንደ ሰፈር የድሮ ስም ነው።

እንዴት ሆነ ብትለኝ፣ ጠፍጣፋ፣ ክንፍ አልባና ሻጋታ ለቃሚ የሆነ ነገር የወፍ ጎጆና የእንስሳ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ዛሬም እዚያ የሚገኙ አሉ። ከጎጆ ወደ ላባ፣ ከላባ ወደ ቆዳ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

አዘዞ ማዶ

እምዬ እንግዲህ ከሊኒየስ በለጡ።

የቁስቋሟ

ተመልሻለሁ! ጥቅምት ገብቶ ነው፣ ይቅርታ ዘገየሁ። በየቀኑ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አያቸው ነበር። ቁጥራቸው እያነሰ ሄደ፣ ቅርፊቱ ላይ የጣሉት ስስ ቆዳ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ክንፍ ያላቸው አራት አየሁ። ልክ እንዳላችሁት፣ እንደ ጎጆ ክዳን። ክንፋቸው ጭስ የነካው መስታወት ይመስላል፣ ቡኒ ጥላ ጥላ አለው።

ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ያለች ስስ ነጭ ነገር አለች፣ ከሥሯ ጥቃቅን እንቁላሎች። እሱም የእነሱ ነው?

ሦስት ያዝኩና እንደገና ጓደኛዬን አስቸገርኳት። የእግር ጫፍ 2 ነው። ያደጉት ላይ፣ ሦስቱም ላይ! የክንፉን ቅስት ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል። ጓደኛዬ ናት መጀመሪያ ያየችው፣ «የግንቡ በር ይኸውልሽ» አለችኝ። አናቱ ከላይኛው ሥር ጋር ተጣብቋል፣ በነጥብ ሳይሆን ትንሽ አብሮ ይሄዳል። ያ ሥር ደግሞ ጫፉ ላይ ለ3 ይከፈላል። ክንፉ ላይ ፀጉር አላየንም።

ክንፍ ቆጣሪ

ፕሶሲዴ ነው። አሁን በሙሉ አፌ።

መልሱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ያኔ ብንተወው አፑም ባለ አጉሊውም በዕድል ነበር ልክ የሚሆኑት። ድሩ የእነሱ ነው፤ ከአፋቸው በሚወጣ ሐር እንቁላላቸውን ይሸፍኑበታል። አትንኪው።

ከዚህ በታች በክንፍ አይኬድም። ዝርያውን ለመለየት የወንዱን የመራቢያ አካልና ከሴቷ ሆድ ጫፍ ሥር ያለችውን ሳህን ፈትቶ ስላይድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፣ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብልቃጥሽን ጠብቂ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው፣ አልኮሉ ሲቀንስ ሙይበት። ጽሑፉ ላይ «ዋንዛ፣ ቁስቋም» ካልሽ ዘንድ አንድ ቀን አንድ ሰው ይፈልገዋል። «ፕሶሲዴ» ብለሽ ጻፊና እዚያው ቁሚ። ከዚያ በላይ የምትጨምሪው ስም ግምት ነው።

ባለ አጉሊው

ስሙ ራሱ እኮ ከግሪክ ቃል የመጣ ነው፣ መፍጨት መፈርፈር ከሚል። ቀን በቀን የሚሠሩት እሱን ነው።

ጊዜ ካለሽ ጃንተከል ሄደሽ የዋርካውን ቅርፊት እዪልን። ፋሲለደስ መዋኛ ግንቡን ያቀፉት ሥሮችም አሉ። እነሱ ላይ በዓይን ብቻ እዪ፣ ጃንጥላና ዱላ ይዘሽ ብትሄጂ ጥበቃው ሌላ ነገር ያስብሻል።

የቁስቋሟ

ሃሃ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልፋለሁ። ጎረቤታችን መድኃኒቱን መልሷል፣ «ታዲያ ለእኔ ግቢ ጽድ ላይ አሉ?» ብሎ ራሱ መፈለግ ጀምሯል፣ አጉሊ መነጽሬን ይዞብኝ ሄዷል።

ለእምዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅማል ያለችው ልክ መሆኑን፣ የራስ ቅማልም ያው ዘመዳቸው መሆኑን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጣ ተነሣችና «ዘመዱ ከሆነማ ነጠላዬን አራግፊልኝ፣ ዛፉ ላይ ሰቅዬው ነበር» አለችኝ።